የፍሰት መለያን ማን ይስጥ፦ ፕሮግራሙ ወይስ ከርነሉ?

በአይፒ ስሪት 6 ራስጌ (በእያንዳንዱ ፓኬት ማለትም የመረጃ እሽግ መጀመሪያ ላይ ባለው ክፍል) ውስጥ 20 ቢት የሚይዝ የፍሰት መለያ አለ፤ ፍሰት ማለት ከአንድ ላኪ ወደ አንድ መድረሻ የሚሄዱ ተያያዥ ፓኬቶች ናቸው፤ ዜሮ ከሆነ ፍሰቱ መለያ አልተሰጠውም ማለት ነው። የሶኬት በይነገጽ (ፕሮግራሞች ከኔትወርክ ጋር የሚገናኙበትን) የሚነድፍ ሰው በቅድሚያ የሚወስነው ይህን ቁጥር ማን እንደሚመርጥ ነው፦ ፕሮግራሙ ወይስ ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት።

ፕሮግራሙ ሲመርጥ ልፋቱ ይበዛል። በሊኑክስ መለያውን አስቀድሞ ከከርነሉ መጠየቅ፣ ለብቻ ወይም በጋራ እንደሚጠቀምበት ማሳወቅ፣ ከዚያም በአድራሻው መዋቅር ውስጥ መጻፍ የተለመደው መንገድ ነው። በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ የባይቶቹን ቅደም ተከተል ወደ ኔትወርክ ሥርዓት ሳይቀይር 1 ብሎ የጻፈ ሰው፣ አኃዙ ከ20ዎቹ ቢቶች ውጭ ስለሚያርፍ መለያው ዜሮ ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለው ስህተት ድምፅ ስለሌለው እጅግ ያሳስበኛል።

ከርነሉ ሲመርጥ ፕሮግራሙ አንድም መስመር ኮድ አይጨምርም። የቲሲፒ ምላሽ ዘግይቶ ፓኬት በድጋሚ ሲላክ ሊኑክስ መለያውን ሊቀይር ይችላል፤ በመለያው መንገድ የሚመርጡ ራውተሮች ካሉም ፍሰቱ ከተበላሸው መስመር ሊያመልጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ትርጉም አይሸከምም።

ለድረ ገጽና ለፋይል ዝውውር የከርነሉ ምርጫ ይበቃል። የሰርን (የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት) ሙከራዎች መረጃ በሚጓዝባቸው የምርምር መረቦች እንደተጀመረው፣ ፓኬቱ የየትኛው ሙከራና የየትኛው ሥራ እንደሆነ በመለያው ማሳወቅ ሲፈለግ ግን ምርጫው ለፕሮግራሙ ሊሰጥ ይገባል። መለያውን በመንገድ ላይ ከመለወጥ የሚጠብቀው ቼክሰም (መረጃው አለመለወጡን የሚያረጋግጥ ድምር) ስለሌለ፣ ለደኅንነት ውሳኔ በሁለቱም መንገድ ሊታመን አይገባም።