«ጆሮዬ አይቀበልም» ማለቴን ላስተወችኝ ባለሙያ

ለዓመታት «የኔ ጆሮ ጉትቻ አይቀበልም» እያልኩ ኖሬያለሁ። አርቴፊሻል ባደረግኩ በማግስቱ ያሳክከኛል። ከዚያ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ትራሴ ላይ ቢጫ ነጥብ ትቶ ያድራል። አውጥቼ እጥላለሁ። ሲድንልኝ ደግሞ ሌላ ገዝቼ እሞክራለሁ። ጥፋተኛው ጆሮዬ እንደሆነ አምኜ ነበር።

አሁን ጆሮዬ ላይ፣ ከላይ አጥንቱ ጋ፣ አንዲት ትንሽዬ የጌጥ ዘንግ አለች። ከተበሳሁ ወራት አልፈዋል፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳከከችኝም። ለዚህ ያበቃችኝን፣ ጆሮ መብሳት ሙያዋ የሆነ ልጅ በሰው ፊት ማመስገን ፈለግኩ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለችና ባለሙያዋ ብቻ እላታለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ጋ አልነበረም። ሌላ ቦታ በመብሻ ሽጉጥ በስተውኝ፣ አበባ ቅርጽ ያላት ጉትቻ አድርገውልኝ ነበር። «ሃይፖአለርጀኒክ ናት (አለርጂ አታስነሣም ለማለት ነው)፣ ሰርጂካል ስቲል ናት (የቀዶ ሕክምና ብረት እንደማለት)» ተባልኩ። ሁለቱም ቃላት ያምራሉ፤ እኔም አመንኩ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ ቲማቲም መሰለ።

እንዲህ ሆኜ ነው ባለሙያዋ ዘንድ የደረስኩት። ዕቃዋን ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጀመረች። «ጂንስ ስታደርጊ እምብርትሽ ስር ያሳክክሻል?» ደነገጥኩ። የሱሪዬ ቁልፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሳንቲም የሚያህል የጠቆረና የሻከረ ቆዳ አለኝ። ላብ ነው እያልኩ ቅባት ስቀባው ስንት ዘመኔ! «ላብስ አለበት» አለችኝ፣ «ግን ዋናው ቁልፉ ነው።»

ነገሩ ኒኬል ነው። ርካሽ ጌጣጌጥ ውስጥ፣ ቀበቶ ዘለበት ላይ፣ የሱሪ ቁልፍ ላይ፣ አንዳንድ የመነጽር ፍሬም ላይ ሁሉ የማይጠፋ ብረት። ላብ ሲነካው ከብረቱ እየሟሟ ወደ ቆዳ ይገባል። ሰውነት አንዴ በጠላትነት ከመዘገበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ሽፍታው የሚወጣው ወዲያው አይደለም፤ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። ለዚህ ነው ሰው ጉትቻውን ትቶ ሻምፖውን የሚጠረጥረው። እኔም ጠርጥሬያለሁ።

ወሬ ብቻ እንዳይመስለኝ ከመሳቢያዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ዳይሜቲልግላዮክሲም ይባላል፤ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደግሜያት ነው የያዝኩት። ጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ያቺን አበባ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሸችበት። ጥጡ ሮዝ ሆነ። የኒኬል ምልክት ይኸው ነው። ከዚያ የሱሪዬን ቁልፍ አስነካችው፤ የባሰ ቀላ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔስ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ሞኝነት ልናዘዝ። ጉትቻ ስገዛ ማግኔት ይዤ የምዞር ሰው ነበርኩ። ማግኔት ካልሳበው ኒኬል የለውም ብዬ። ስነግራት ፈገግ አለች። ለካ ለጌጥ የሚሆነውን 316ኤል የሚባለውን ስቲል ማግኔት እንዳይስበው የሚያደርገው ኒኬሉ ራሱ ነው! ከመቶ ከ10 እስከ 14 እጁ ኒኬል ነው። እኔ ማግኔቴን ይዤ ስመርጥ የኖርኩት በትክክል የሚጎዳኝን ነበር ማለት ነው።

ስቲልን ግን አላወገዘችም። ጥሩ ስቲል ኒኬሉን አጥብቆ ስለሚይዝ ለብዙ ሰው ችግር የለውም አለችኝ። ቁም ነገሩ ምን ያህል አለው ሳይሆን ምን ያህል ይለቃል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም የሚለካው እሱን ነው፤ በተበሳ አካል ውስጥ የሚገባ ጌጥ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ0.2 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይከለክላል። «አንቺ ግን» አለችኝ፣ «ታይታኒየም ነው የሚሻልሽ።»

እሱም ማንኛውም ታይታኒየም አይደለም። ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 የሚል ደረጃ ያለው፣ ሐኪሞች አጥንት ውስጥ የሚቀብሩት ዓይነት። ወረቀቱን አውጥታ አሳየችኝ፤ ከብረቱ አምራች የመጣ፣ ምን ምን በስንት መቶኛ እንደገባበት የተጻፈበት። ታይታኒየሙ 90 ያህል፣ አሉሚኒየም 6፣ ቫናዲየም 4። «ሃይፖአለርጀኒክ» የሚለው ቃል ማንም ሻጭ እንደፈለገ የሚለጥፈው ነው፤ ከሱ ይልቅ ይህን ወረቀት ጠይቂ አለችኝ። ይህን ምክር ብቻ ሰጥታኝ ብትሸኘኝም አመሰግናት ነበር።

ወርቅስ አልኳት። ወርቅ ጥሩ ነው፣ ግን 14 ካራት ማለት ከግማሽ ትንሽ በልጦ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ነው። ሌላው ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ በተለይ ነጩ ወርቅ፣ ኒኬል ሊኖርበት ይችላል። ቅብ ከሆነ ለአዲስ ቁስል አታስቢው። ብርም ቁስሉ እስኪድን ይቆይ፤ ይጠቁራል፣ ቆዳ ላይም ጥላውን ሊተው ይችላል።

እና ይህን ሁሉ ካስረዳችኝ በኋላ አልበሳችኝም! «ጆሮሽ ተቆጥቷል፣ ይዳን። እስከዚያ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ አረጋግጪ» ብላ ባዶዬን ሸኘችኝ። ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛ መመለስ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ጀርባዬ ላይ ኒኬል ያለበት መመርመሪያ ፕላስተር ለጥፎ ለሁለት ቀን አቆየው፤ ከተነሣ በኋላም እንደገና አየው። ኒኬል ነው አለ፤ ልጅቷ አልተሳሳተችም።

ስመለስ ነው ጉዱ። ዘንጓን በየትኛው ቀለም እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ሰማያዊ አልኳት። ብሩሽ ይዛ ትቀባዋለች ብዬ ስጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ ነክራ ኤሌክትሪክ ለቀቀችበት። ነሐስ መሰለ፣ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሦስት አራት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ቀለም የሚባል ነገር የለበትም፤ የብረቱ የራሱ ስስ ሽፋን እየወፈረ ሲሄድ ብርሃኑን በሌላ መልክ ይመልሰዋል። እንደ ሕፃን «ድገሚልኝ» ልላት ነበር።

የብሎን ጥርሱም ከዘንጉ ውጪ እንዳይሆን ትጠነቀቃለች። የድሮውን ጉትቻዬን በጥፍሬ እንድዳስሰው ሰጠችኝ፤ መጋዝ ነው። ያ ሁሉ ጥርስ ቁስሌ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ነበር። የሷ ዘንግ ግን ልሙጥ ነው፤ ጥርሱ ውስጡ ነው ያለው። መርፌውን ከታሸገበት ፊቴ ከፍታ በሳችኝ፣ ከዚያም ጣለችው። ለእብጠቱ ብላ መጀመሪያ ረዘም ያለ ዘንግ አደረገችልኝ፣ በኋላ ጠርታ በአጭር ለወጠችልኝ። በ0.9 ፐርሰንት የጨው ውሃ ማጽዳት፣ አለማሽከርከር፣ አለመነካካት። በቃ። አጥንት ላይ እስከ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል አትቸኩዪ ብላኛለች።

እንከን አውጪ ካላችሁኝ፣ ቀጠሮዋ ሩቅ ነው። ሳትጠይቅ አትሠራም፣ መጠየቅ ከጀመረች ደግሞ አታቆምም። ፊት ለፊት ስለምትናገር የሚቀየማት ሰው አይጠፋም። ከጓደኞቼ አንዷ መግል የያዘ ጆሮዋን ይዛ ሄዳ «ይህ አለርጂ አይደለም፣ ኢንፌክሽን ነው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ጉትቻውን ግን ራስሽ እንዳታወጪው፣ ቀዳዳው ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ይቀራል» ተብላ በቁጣ ተባራለች። አኩርፋ ሄደች፤ ከሐኪም ስትመለስ ግን አመስግኚልኝ አለችኝ። ይኸው አደረስኩ።

እጇ ይባረክ። አለርጂዬን አላጠፋችውም፤ እሱ አብሮኝ አለ። የሱሪዬ ቁልፍ ጀርባ ላይ ጨርቅ ሰፍቼበታለሁ።

ልታገኟት የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ፤ ይህን ፈቅዳለች። የሚያስቸግራችሁን ጉትቻ ሳትጥሉ ይዛችሁላት ሂዱ። የኔዋን አበባ አልመለሰችልኝም። ማሰሮ በምታህል ብልቃጥ ውስጥ ከሌሎች ጋር አስቀምጣታለች፣ «ማስተማሪያዬ ናት» እያለች።