ስምንት ወር ከ1 ለ10 ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር ጋር

ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር ከሸክላ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ሳጥን ነው፤ 1 ለ10 ማለት ቮልቴጁን 10 እጥፍ ያበዛል ማለት ነው። ይህን ስገዛ ሁለተኛዬ ነበር። የመጀመሪያውን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሸጥኩት። ዕቃው መጥፎ ስለነበር አይደለም፤ ለእኔ ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌውን ይዞ ሸክላውን ለሚያነበው ክፍል፣ የማይሆን ስለነበር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለዚያ ልናገር።

ካርትሪጄ ዴነን ዲኤል 103 ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለጃፓኑ የብሮድካስት ድርጅት ለኤንኤችኬ ተብሎ የተሠራ ሙቪንግ ኮይል (ኤም ሲ) ነው፤ መርፌው ትንንሽ የሽቦ ጥቅሎችን የሚያንቀሳቅስበት ዓይነት። የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ተራ የኤም ኤም ፎኖ መግቢያ (ጠንከር ያለ ሲግናል ለሚያወጡት ሙቪንግ ማግኔት ካርትሪጆች የተሠራ የአምፕሊፋየር መግቢያ) ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ሲያገኝ ነው ደስ የሚለው። መሃል ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ነገር የግድ ነው። ትራንስፎርመር የመረጥኩት ሶኬት ላይ ስለማይሰካ፣ ትራንዚስተርም ስለሌለው፣ የራሱን ሹሹታ እምብዛም ስለማይጨምር ነው። በውስጡ ያለው ብረት እና ሽቦ ነው። በቃ።

የመጀመሪያው 1 ለ40 ነበር። ያኔ ያሰብኩት ቀላል ነበር፦ 40 እጥፍ ከ10 እጥፍ ይበልጣል። አብዝቶ የሚያጎላውን መግዛት ነው እንጂ ምን አለ? ሰካሁት። ድምፁ ጮክ አለ፣ ግን ታፍኗል። ሲምባሉ ጨርቅ የተጣለበት ይመስላል። ቤዙ ወፍራም ነው፣ ግን ኖታውን ለይተህ አትሰማውም። መርፌው አልቆ ይሆን ብዬ ሁሉ ጠርጥሬ ነበር።

ነገሩ የገባኝ እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን በሽቦው ዙር ንጽጽር (እንደ 10 ወይም 40) ልክ ያበዛል፤ ካርትሪጁ የሚያየውን ጭነት (ከፊቱ የሚያገኘውን በኦም የሚለካ መቋቋም) ግን የሚቀንሰው በዙሩ ስኩዌር ነው። የፎኖ መግቢያው 47,000 ኦም ነው። በ40 ስኩዌር፣ ማለትም በ1,600 ሲካፈል 29 ኦም ይቀራል። የእኔ ካርትሪጅ የራሱ ውስጣዊ መቋቋም ደግሞ 40 ኦም ነው። ጭነቱ ከምንጩ አነሰ ማለት ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ቮልቴጅ እዚያው ካርትሪጁ ውስጥ ይቀራል። 12 ሚሊቮልት ስጠብቅ በስሌት የሚወጣው 5 ገደማ ነው።

በ1 ለ10 ስንሄድ 47,000 ለ100 ይካፈላል፤ 470 ኦም። ከ40 ኦም ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ ካርትሪጁ በነፃነት ይተነፍሳል። የሚወጣውም 2.8 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዙሩ ወደ ሩብ ሲወርድ ድምፁ የቀነሰው ወደ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ይህችን ስሌት ከመግዛቴ በፊት ብሠራት ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባልደከምኩ ነበር። የ1 ለ20 አማራጭም ነበር፤ 117 ኦም ጭነት፣ 4.5 ሚሊቮልት ገደማ። እሱም ለዚህ ካርትሪጅ የሚያሳፍር አይደለም። እኔ ግን ከመታፈን ሸሽቼ ስለመጣሁ ክፍቱን መረጥኩ።

የሁለተኛው የመጀመሪያ ሳምንት ግን በደስታ አልጀመረም። እምምም የሚል የመብራት ሁም ነበረው። ሸክላው ሲያልቅና ክፍሉ ዝም ሲል ጎልቶ ይሰማል። ትራንስፎርመር እንደ አንቴና ነው፤ በአካባቢው ያለውን የማግኔት መስክ ይለቅማል። የእኔው የብረት መከላከያ ሳጥን ቢኖረውም የአምፕሊፋየሩ ኃይል ሰጪ ትራንስፎርመር ጎኑ ላይ ነበር። ከዚያ ማራቅ ነው መፍትሔው፣ ግን ሌላ ችግር አለ። ከስቴፕ አፑ ወደ ፎኖው የሚሄደው ኬብል አጭር መሆን አለበት። በዚያ በኩል ያለው ሲግናል ለኬብሉ ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ ባሕርይ) ስሱ ነው፤ ኬብሉ ሲረዝም ላይኛው ድምፅ ይበላሻል። ከማጫወቻው ወደ ስቴፕ አፑ የሚመጣው ኬብል ግን በዚህ በኩል ብዙም አያስጨንቅም።

የሠራሁት እንዲህ ነው። መርፌውን ከሸክላው አንስቼ፣ ቮልዩሙን ዘወትር በምሰማበት ልክ አድርጌ፣ ሳጥኑን በእጄ ይዤ ቀስ እያልኩ አንቀሳቀስኩት። ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ፣ ዞር፣ በጎኑ። እንዲያው ማመን ይከብዳል፣ በአንድ አቅጣጫ የሚጮኸው ሁም ሩብ ዙር ስታዞረው ሊጠፋ ደረሰ። ከመደርደሪያው ግራ ጫፍ፣ በጎኑ ቆሞ ተቀመጠ። ኬብሉ 50 ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

የግራውንድ ሽቦውም ትንሽ አስቸግሯል። የቶንአርሙን (ካርትሪጁን የሚይዘውን ክንድ) ሽቦ ወደ ስቴፕ አፑ፣ ከስቴፕ አፑ ደግሞ ሌላ ሽቦ ወደ ፎኖው ሳደርገው ጸጥ አለ። የእናንተ ሲስተም ሌላ ሊፈልግ ይችላል፤ አንዱን እየነቀላችሁ ሞክሩ። ደግሞም ስቴፕ አፑ የሚገባው ኤም ኤም መግቢያ ላይ ነው። ኤም ሲ ላይ ከሰካችሁት ሁለቴ ማጉላት ይሆናል።

ድምፁን ልናገር። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። በኖታዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ በእውነት ባዶ ሆነ። የፒያኖ ሸክላ ላይ ጣቱ ከቁልፉ ተነሥቶ ድምፁ እየሟሸሸ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ትከተለዋለህ። የዘፋኝ ድምፅ ሥጋ አለው፤ ደረት አለው። ዲኤል 103 በባሕርዩ መሃሉ ደማቅ የሆነ ካርትሪጅ ነው፤ ይህ ሳጥን ያንን ይዞለት ከላይ መስኮት የከፈተለት ይመስለኛል። ቤዙ ከ1 ለ40ው ያነሰ መሰለኝ በመጀመሪያ። ሁለት ወር ካዳመጥኩ በኋላ ግን ያነሰ ሳይሆን የተለየ እንደሆነ ገባኝ። አሁን የኮንትራባሱን ክር ከከበሮው ለይቼ እሰማለሁ።

የማይመቸኝም አለ። 2.8 ሚሊቮልት ብዙ አይደለም። በዝቅተኛ ድምፅ የተቀዱ ሸክላዎች ላይ ቮልዩሙን ከለመድኩት ብዙ ማዞር አለብኝ፤ ያኔ የፎኖው የራሱ ሹሹታ ይወጣል። ጸጥ ያለ ፎኖ ለሌለው ሰው 1 ለ20 ይሻለዋል ባይ ነኝ።

በአራተኛው ወር አንድ ሙከራ አደረግኩ። ከትራንስፎርመሩ መውጫ ጋር በትይዩ 47,000 ኦም ሬዚስተር በሁለቱም ቻናል ገጠምኩ። ጭነቱ ከ470 ወደ 235 ኦም ወረደ። አንዳንድ ሹል የሆኑ የትራምፔት ሸክላዎች ለዘብ አሉ። የቫዮሊኑ አየርም አብሮ ለዘበ። ሁለት ሳምንት አዳምጬ ነቀልኩት። ሬዚስተሮቹ ግን መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ሌላ ካርትሪጅ ከመጣ ይጠቅማሉ።

አንድ ነገር አደራ። ትራንስፎርመሩን በቴስተር ኦም ለመለካት አትሞክሩ። ቴስተሩ የሚልከው ትንሽ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የውስጡን ብረት ማግኔት ሊያደርገው ይችላል። ካርትሪጁንም እንዲሁ፤ ያን የመሰለ ቀጭን ሽቦ በቴስተር አይነካም።

ባለፈው ወር ኦርቶፎን ኤስፒዩ የሚባል ካርትሪጅ ያለው ወዳጄ ሳጥኑን ሰምቶ ወደደውና ለራሱም ልግዛ አለኝ። የሱ ካርትሪጅ 2 ኦም ገደማ ነው፤ የሚያወጣውም 0.2 ሚሊቮልት። አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። በ1 ለ10 ሁለት ሚሊቮልት ብቻ ያገኛል፤ በ1 ለ20 ግን 4 ሊደርስ ምንም አይቀረውም፣ ጭነቱም 117 ኦም ሆኖ ለ2 ኦም ካርትሪጅ ከበቂ በላይ ነው። አሁን 1 ለ20 እየፈለገ ነው።