ዳዊትን በግእዝ ወይስ በአማርኛ?

ለዜማና በቃል ለመያዝ ግእዙ ይመረጣል፤ ለመረዳት ግን አማርኛው ይቅደም። ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ቁጥሩን ያስተካክል። ግእዙ ሰብዓ ሊቃናት የተባለውን የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም ይከተላል፤ ከዕብራይስጥ የተተረጎመው አማርኛ ግን 9ኛውን መዝሙር ለሁለት ስለሚከፍለው፣ ከግእዙ 10 እስከ 112 ባሉት ላይ 1 ይደመራል። ይህን የዘለለ የማይገናኙ መዝሙሮችን ሲያነጻጽር ይውላል።

የግእዙ 22ኛ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» (እንደ እረኛ ይጠብቀኛል) ይላል፤ ግስ ነው፣ እረኝነቱ በሥራው ይታያል። የአማርኛው 23ኛ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ሲል ማንነቱን ይሰይማል።

ከሁሉ የሚገርመው አጠራሩ ነው። በግእዝ «አንተ» ለንጉሥም ለአምላክም ያው ነው፤ የአክብሮት «እርስዎ» የለውም። በአማርኛ ግን «እርስዎ» እያለ ፈጣሪን «አንተ» ማለት ቅርበትን ያሰማል፤ ቄሱን ግን ማን ደፍሮ አንተ ይላል?