ከማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ድጋፍ መጠየቅ፦ በውድድር ጥሪ ወይስ በለጋሾች ፈንድ?

ማኅበረሰብ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የተጀመረ አሠራር ነው፤ የብዙ ለጋሾችን ገንዘብ አሰባስቦ ለአንድ አካባቢ ያውላል። ገንዘቡ የሚወጣው ግን በአንድ በር ብቻ አይደለም፤ አንዱ በር ፋውንዴሽኑ ድርጅቶች እንዲያመለክቱ የሚጋብዝበት የውድድር ጥሪ ነው፣ ሌላው ደግሞ አንድ ለጋሽ በፋውንዴሽኑ ዘንድ ገንዘብ አስቀምጦ ለማን እንዲሰጥ የሚጠቁምበት የለጋሾች ፈንድ ነው።

ድካም፦ የውድድር ጥሪው ማመልከቻ፣ በጀት፣ የምዝገባ ማስረጃና የቦርድ አባላት ዝርዝር ይጠይቃል። በጀቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ደመወዝ» ብላችሁ አንድ ድምር ብቻ ካስቀመጣችሁ ገምጋሚው ያ ሠራተኛ ለፕሮጀክቱ ምን እንደሚሠራ አያውቅም፤ የሥራ ድርሻውንና የሚሠራበትን ጊዜ ጻፉ። በለጋሾች ፈንድ በኩል ቅጽ ብዙም የለም፤ ለጋሹ ድርጅቱን ይጠቁማል፣ ፋውንዴሽኑ ሕጋዊነቱን አጣርቶ ይከፍላል።

ስጋት፦ የውድድሩ መስፈርት ተጽፎ ይታያል፤ ባይሳካ እንኳ አስተያየት መጠየቅ ይቻላል። ለጋሹን ግን ላታውቁት ትችላላችሁ፣ መንገዱም በትውውቅ ላይ ያዘነብላል። ይህ ለአዳዲስ ድርጅቶች ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አጠቃቀም፦ የውድድሩ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በፕሮጀክት ይታሰራል፤ ማለትም ለተፈቀደው ሥራ ብቻ ይውላል። የለጋሾች ፈንድ ገንዘብ ግን እንደ ቢሮ ኪራይ ላለ አጠቃላይ ወጪም ሊውል ይችላል።

ግልጽ ፕሮጀክት ይዛችሁ ስማችሁ ገና ካልታወቀ ጥሪውን ጠብቁ። ሥራችሁ በአካባቢው ከታወቀና የጎደላችሁ የቢሮ ኪራይ ከሆነ፣ ለፋውንዴሽኑ የፕሮግራም ኃላፊ አንድ ገጽ መግለጫ ልካችሁ ከለጋሾች ጋር እንድታስተዋውቃችሁ ጠይቁ።