የቮልሳችንን ካርቡሬተር ግቢያችን ውስጥ ፈትተው ለሠሩልን ጋሼ፤ ምስጋናና ጥቆማ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። አሮጌ የቤንዚን መኪና ይዛችሁ የምትቸገሩ፣ በተለይ ሰሜን ሸዋ ያላችሁ፣ እንድታውቋቸውም ብዬ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሥራው ካማረሽ ሥራውን ንገሪ» አሉኝ። ስለዚህ እኛ ቤት እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዋ የአባዬ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የተሠራች ቮልስ ስትሆን ሞተሯ 1300 ነው። አባዬ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። አሁንም ገበያ የሚሄደው በእሷ ነው፣ ለቅሶ የሚደርሰውም በእሷ ነው። እኔና ወንድሞቼ ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ነው። ሽጣት ያለውን ሰው ሁሉ አባዬ ተቀይሟል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ታመመች። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ብርድ ሞተሪኖው፣ ማለትም ማስነሻው፣ ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ ይላል። ስትነሳም ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ግቢው በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሚኒሞ አትይዝም፤ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ድርግም ትላለች።

የባሰው የመጣው ጥር ላይ ነው። ለዘመድ ሠርግ ሸዋሮቢት ወረድን። መውረዱ ደህና ነበር። ስንመለስ ከጣርማ በር ዋሻ በታች ባለው ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋችብን። እማዬ በአገር ልብሷ ወርዳ ጎማ ሥር ድንጋይ እያደረገች ነው የወጣነው። ከኋላችን የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ነበር። አባዬ ያን ቀን ማታ እራት አልበላም።

ወደ አንድ ጋራዥ ወስደናት ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሁለት ጊዜ ተቀየረላት። በመጨረሻ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ «ካርቡሬተሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» ተባልን። የተጠራልን ዋጋ የአባዬን የብዙ ወር ጡረታ ይበላል።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት ይህን ሳወራ አንድ ባልደረባዬ «የአባቴን ላዳ የሠሩልን ሰውዬ አሉ፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ» አለኝ። ስልኩን ሰጠኝ። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጋሼ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዘው በራችን ላይ ቆመው ነበር።

መጀመሪያ ካርቡሬተሩን አልነኩም። ይህን ልብ በሉልኝ። «ካርቡሬተር በሌላው ጥፋት ብዙ ይታማል» አሉ። የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን ከፈቱና ውስጥ የሚነካኩትን ሁለት ጫፎች ክፍተት ለኩ። መሆን ያለበት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልክ ነበር። የቫልቮቹንም ክፍተት አዩ። ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈትተው መዳፋቸው ላይ ደረደሯቸው። አራቱም እንደ ምጣድ ሥር ጠቁረዋል። «አሁን ወደ ካርቡሬተሩ መሄድ እንችላለን። ቤንዚን በዝቶባታል» አሉ። አንድም ዕቃ ሳይቀየር አንድ ሰዓት ሙሉ ምርመራ ብቻ ነበር።

እማዬ በዚህ መሃል ለእንግዳ ክብር ብላ ረከቦቱን ግቢ ውስጥ ዘርግታ ከሰሉን ልታያይዝ ነበር። ጋሼ ከተጎነበሱበት ቀና ብለው «እናቴ፣ ቡናው ይቆየን። ቤንዚን ክፍት ሆኖ እሳት አይነድም» አሏት። የባትሪውን ሽቦ ነቀሉ። ሰፈር ውስጥ የሚያጨስ ሰው እንዳይገባ ወንድሜን በር ላይ አቆሙት። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ ያነሱት።

አፈታታቸው እንዴት ደስ ይላል። ከእኛ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ጠየቁ። እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ተራ በየጉድጓዱ አስቀመጡ። እኔን በየደረጃው በስልክ ፎቶ እንዳነሳ አዘዙኝ። «ዛሬ የምታስታውሽው ነገ አይገኝም» አሉኝ። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካርቶኑን ይጠብቃል፤ ዶሮዎቹ እንዳይጠጉ።

ክዳኑ ሲነሳ መሃሉን አሳዩኝ። የካርቡሬተር ጉሮሮ መሃል ላይ ይጠባል። አየር እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው ጎድጓዳ እየተሳበ የሚወጣው በዚህ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፌዋለሁ። ጣቴን ከትቼ የጠበበውን ቦታ ስዳስሰው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ የቀመሩን ስም አያውቁትም፤ ሥራውን ግን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ይህን ስል ከልቤ ነው።

በሽታዋ አንድ አልነበረም። ወደ ጎድጓዳው የሚገባውን ቤንዚን የምትዘጋ መርፌ መሳይ ቫልቭ አለች። ጎድጓዳው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና እሷን ገፍቶ ይዘጋታል። የእኛዋ ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ተበልቶባታል። ስለዚህ አትዘጋም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል። ተንሳፋፊውን ጆሯቸው አጠገብ ነቅንቀው አዳመጡት፣ ከዚያ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ደፈቁት። አረፋ አላወጣም። «ይኼ ጤነኛ ነው፣ አትግዙ» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አብሮ ያስገዛን ነበር።

ቀጥሎ ቤንዚን ተለክቶ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን መጣች፤ ጄት ይሏታል። ላይዋ ላይ 125 ተጽፏል። ቀዳዳዋ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሽቦ ከትተው አልጠረጓትም። ሽቦ ቀዳዳውን ካሰፋው አለቀ፤ ያ ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው የሚቆጠረው። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፈው በጎማ መንፊያ ፓምፕ ነፏት፣ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩባት። ከዚያ አባዬን «አባባ፣ ይህች መኪና መጀመሪያ የት ነበረች?» ብለው ጠየቁት። አባዬ ከድሬዳዋ ሰው ገዝቶ እንዳመጣት ነገራቸው። «በሉ ያኔ ልክ ነበረች» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ አገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ነው። አየራችን ሳስቷል፤ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው አየር በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተርም እንደዚያው ነው። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጉልበት ያጣል። ከሸዋሮቢት ወደ ጣርማ በር ስንወጣ የታፈነችው ለዚህ ነበር። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የተበላችው መርፌ ስትጨመርበት በየኪሎ ሜትሩ እየባሰባት ነበር የወጣችው።

ጋሼ ከቆርቆሮ ሣጥናቸው 120 የተጻፈባት ጄት አወጡ። እኔ ወዲያው አሰላሁት። የቀዳዳው የወለል ስፋት ወደ 8 በመቶ ያንሳል። «ለምን ከዚህ አናሳንሰውም?» አልኳቸው። መልሳቸው ሁሌም ትዝ ይለኛል። «ልጄ፣ እናንተ ሸዋሮቢትም ትወርዳላችሁ። እዚህ ብቻ አይተን ብናሳንስ ቆላ ላይ ቤንዚን ያጥራትና ትግላለች። ቮልስ ደግሞ ውኃ የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው።»

የነዳጅ መርገጫው ሽቦ የሚያዞራት የካርቡሬተሩ ዘንግም ተበልታ ትወላገድ ነበር። በዚያ በኩል የማይፈለግ አየር ይገባል፤ ሚኒሞ የማትይዘው አንድም በዚህ ነው። ይህ በግቢ የሚሠራ አይደለም። የካርቡሬተሩን ገላ በጨርቅ ጠቅልለው ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወሰዱትና የነሐስ ቀለበት አስገቡለት። ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በገላው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) እና መርፌ ቫልቭ ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ፈልጎ አመጣ። የትኛውን እንደሚገዛ ጋሼ አሮጌዎቹን ሰጥተው ነው የላኩት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሊገጥሙ ሲመጡ ያገኙት ነገር ነው እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባበት አጭር የነሐስ ቱቦ አለ። ክዳኑ ላይ ተጨቁኖ የገባ ነው፤ ብሎን የለውም። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ያዙና አዞሩት። ዞረ። ፊታቸው ተለወጠ። «አባባ፣ ይቺ ብትወልቅ ፖምፓው ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ነው የሚረጨው» አሉ። የእሳት ማከፋፈያውም እዚያው ሥር ነው። እኔ ስለ ጭስና ስለ ቤንዚን ወጪ ስጨነቅ ወላጆቼ እሳት ተሸክመው ሲሄዱ ከርመዋል። ይህን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እሳቸውም ባያዩት ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ የተጠሩት ለጭሱ ነው።

በማጣበቂያ ላስይዘው ብዬ ብጠይቃቸው እንኳን እሺ አላሉም። ማጣበቂያ በቤንዚንና በሙቀት ይለቃል አሉ። ክዳኑን እንደገና ቶርኖ ቤት ይዘው ሄዱ፣ ጥርስ አስወጥተው በብሎን የሚገባ ቱቦ አስገጠሙ። የደረቀውን የጎማ ቱቦም ቀየሩት፣ በሁለቱም ጫፍ በማሰሪያ አጠበቁት። ያ ቀን በዚህ አለቀ። ለተጨማሪው ድካም ሊያስከፍሉን አልፈለጉም፤ አባዬ ግን እምቢ ብሎ ኪሳቸው ውስጥ ከተተው።

የቮልስ ባለቤቶች፣ አደራ፣ ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያንን ቱቦ በጣታችሁ ያዙና ሞክሩት። ከዞረ መኪናዋን አታስነሷት።

ሁሉም ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ እኔ ነበርኩ ቁልፉን ያዞርኩት። ድብልቁን የምታስተካክለውን ብሎን ጋሼ ቀስ ብለው እስከሚቆም አስገቡ፣ ሳያጠብቁ አንድ ዙር ተኩል መለሱ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን። ከዚያ እኔን በካቻቢቴው ቀስ እያልኩ እንዳዞር አደረጉኝ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ትንሽ መልሺ… ትንሽ… ተይው!» አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፅዋ ልክ እንደ ልጅነቴ ሆነ። እማዬ እልል አለች፤ ጎረቤት ሠርግ መስሎት ወጣ።

እስከ ጫጫ ደርሰን ተመለስን። መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ካንዴላ ፈትታችሁ እዩ ብለውን ስለነበር አየን። ወተት የበዛበት ማኪያቶ መስሏል። ከዚያ ወዲህ ሸዋሮቢት ሁለት ጊዜ ወርደን ተመልሰናል፤ ጣርማ በርን ያለ ድንጋይ ነው የወጣነው። የተበላችውን መርፌ ለተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ አሳይቻለሁ። ተራ በተራ ሲቀባበሏት ጸጥ ብለው ነበር።

የተበላሹትን ዕቃዎች በሙሉ ቆጥረው አስረክበውናል። ሂሳባቸው ለሌላ ካርቡሬተር ከተጠየቅነው ሲሶ አይሞላም፤ የቶርኖ ቤቱ ወጪ ጭምር። ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ እጅዎ ይባረክ። አባቴን ወደ መኪናው፣ እኛን ወደ ሰላማችን መልሰውናል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ቮልስ፣ ላዳ፣ የድሮ ኮሮላ፣ ፔጆ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ቤት ድረስ የሚመጡት ቅዳሜ ነው። እሑድ መሣሪያ አይነኩም። ነፋስ የሚገባበት ቦታ፣ ንጹሕ ጨርቅና ባዶ የእንቁላል ካርቶን አዘጋጁ። ቡናው ሥራው ካለቀ በኋላ ይፈላ፤ የሚጠጡት በጨው ነው።