ከቤቴ የማይጠፋው ኦአርኤስ
ልጄን ተቅማጥ ሲይዘው መጀመሪያ የማነሳው ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። የምገዛው ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ነው፤ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ አዘጋጀዋለሁ። ውሃ መቀነስም ስኳር መጨመርም አይገባም። ጨው ጨው ስለሚል ልጄ ፊቱን ያዞራል። በማንኪያ ቀስ እያልኩ ስሰጠው ግን ይወስደዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቄ እቀጥላለሁ። 24 ሰዓት ያለፈውን እደፋዋለሁ።

ኦአርኤስ ተቅማጡን ወዲያው ቀጥ ያደርጋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚተካው የወጣውን ውሃና ጨው ነው። አብሮ የሚታዘዘውን ዚንክ ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ስጡ። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ይዘናጋሉ፣ ያሳዝነኛል።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ቤት አትቆዩ። ፓኬቱን ይዛችሁ፣ መዋጥ ከቻለ መንገድ ላይም እያጠጣችሁት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።