ታንኳ ራስ ማሰር ይሻላል ወይስ ማሠራት?

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ደንገል (ታንኳ የሚታሰርበት ረጅም የሐይቅ ዳር ተክል) እና ገመድ ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ራሴ አሰርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ጣና ሐይቅ ዳር ለሚሠሩ አንድ አባት አዘዝኩ። ባሕር ዳር ሆናችሁ ታንኳ ያማራችሁ ካላችሁ አንብቡት።

ከራሴው ልጀምር። ደንገሉና ገመዱ ታንኳ ከማሠራት በግማሽ ይረክሳል፣ እሱ ነው የሳበኝ። ሻጩ ደርቋል አለኝ፤ ላዩ እውነትም ቢጫ ሆኗል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነበር። ይሄን ያወቅሁት ካሰርኩት በኋላ ነው። ደንገል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ገመዱ ይላላል፣ እና ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጎንበስ ብዬ ያጠበቅሁት ነገር በሳምንቱ እጅ የሚያስገባ ሆኖ አገኘሁት። ሐይቁ ላይ ሳወርደው ደግሞ ወደ ግራ አጋደለ፤ ነዶዎቹ እኩል አልነበሩም። ወር ሳይሞላው ውሃ ጠጥቶ ከበደ።

ታንኳ እንደ ጣውላ ጀልባ ውሃ አያስገባም ተብሎ የሚሠራ ነገር አይደለም። ውሃው በነዶዎቹ መሃል ይገባል፣ ቂጥህም ይርሳል። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ልብ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ሙያው ያለው ደንገሉ መድረቁና አስተሳሰሩ ላይ ነው፣ እኔ የሳትኩትም ሁለቱን ነው።

ያዘዝኳቸው አባት የነገደ ወይጦ፣ የጣና ዳር ማኅበረሰብ፣ ሰው ናቸው። ጣና ላይ ይህን ሙያ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አላየሁም። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት፣ «ምን ልትጭንበት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እኔና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነን አባቴ፣ ዓሣ ለማጥመድ።»

«እንግዲያ ረጅም አያስፈልግህም።»

ከዘጌ ማገዶ የሚጭነው ታንኳ ሌላ ነው፣ የአንድ ሰውም ሌላ ነው። እኔ ስሠራ ይሄ ጥያቄ ጭራሽ አልመጣልኝም። ሲያስሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። እግራቸውን ነዶው ላይ ተክለው ገመዱን በሙሉ ሰውነታቸው ወደ ኋላ ይስቡታል፣ የፊቱን ጫፍ ሽቅብ ሲቆለምሙት ደግሞ አንዲት ደንገል አልተሰበረችም። ያ ታንኳ አሁን ሦስተኛ ወሩን ይዟል። በተጠቀምን ቁጥር ከውሃ አውጥተን ፀሐይ ላይ አቁመን እናደርቀዋለን።

ቅሬታዬ ጊዜው ነው። ሦስት ቀን የተባለው ስምንት ቀን ፈጀ። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ግን መቆጣት አልቻልኩም፤ ደንገል ፍለጋ ሩቅ ሄደው ነበር። ዳርቻው እየታረሰ ነው፣ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረምም አለ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፣ እኔ ልጅ ሆኜ ደንገል የማውቅበት ዳር ግን ዛሬ ማሳ ነው። ይሄ ያመኛል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? የመጀመሪያችሁን አሠሩ። ገንዘቡ አይቆጫችሁም፤ ግን ከፍላችሁ ብቻ አትሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ጠይቁ፣ ገመዱን አብራችሁ ሳቡ። ሁለተኛውን ራሳችሁ ልታስሩ ትችላላችሁ። በክረምት ግን አትጀምሩ፣ ደንገሉ አይደርቅላችሁም።

እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ደንገል ግቢ ውስጥ ዘርግቻለሁ። ጠዋት ጠዋት አገላብጠዋለሁ። ዛሬ አንዱን ሰብሬ ውስጡን አየሁት፣ ገና ነው።